ሞላ መቁረጥና ጎማ ማስወጣት፤ የተማሪው ድርሻ ምንድን ነው?

በወላይታ ሶዶ ከተማ መንገድ ዳር ቆሞ የሚያልፉትን መኪናዎች የሚመለከት ሰው፣ ሁሉም ከፋብሪካ በወጡበት ቁመት እንደማይሄዱ ወዲያው ይገነዘባል። አንዱ ቪትዝ ጉድጓዱንና ብሬከሩን እንዲያልፍ ተብሎ ከሞላው ላይ ታኮ ገብቶለት ከፍ ብሏል። ከአርባ ምንጭ ሙዝ ጭኖ የሚመጣው አይሱዙ ባሌስትራ ተደርቦለት ኋላው ወደ ላይ ተነሥቷል። ሌላው ደግሞ አሮጌ ኮሮላ የገዛ ወጣት ነው፤ ሞላውን አስቆርጦ መኪናውን ወደ መሬት አስጠግቷል፤ ጎማውም ወደ ውጭ ወጣ ብሎ እንዲታይለት በሞዞውና በቸርኬው መካከል ስፔሰር የሚባለውን ክብ ብረት አስገብቷል።

ስለ ሦስቱም የምንሰጠው ፍርድ ግን አንድ አይደለም። እኛ ተማሪዎች ዝቅ ያለውን ኮሮላ ስናይ እናደንቃለን፤ ባሌስትራ የተደረበበትን አይሱዙ ስናይ እንስቃለን፤ ከፍ ያለውን ቪትዝ እንደ ተራ ነገር እናልፈዋለን። በእኛ አስተያየት ይህ ፍርድ ከመልክ እንጂ ከዕውቀት የመነጨ አይደለም። ሦስቱም ያደረጉት በመሠረቱ አንድ ነገር ነው፤ መሐንዲስ ሠርቶ የወሰነውን ቁመትና ስፋት ያለ ሒሳብ ለውጠዋል። የመኪናን ቁመትና ስፋት የሚለውጥ ሰው ደግሞ የፍሬኑን፣ የመሪውንና የኩሽኔታውን ሒሳብ አብሮ ይለውጣል። ስለዚህ ለውጡ ተለክቶ፣ ተጽፎና ተመርምሮ መሆን አለበት እንላለን። ይህም እንዲሆን፣ ሒሳቡን የተማርነው እኛ ወደ ጋራዡ መሄድ ይገባናል እንላለን።

ሶዶ ለዚህ ጉዳይ ጥሩ መመልከቻ ናት። በዳሞታ ተራራ ግርጌ ያለች፣ መንገዶች የሚገናኙባት ከተማ ናት። በቦዲቲ በኩል ወደ ሀላባና ወደ ሻሸመኔ፣ በአረካ በኩል ወደ ሆሳዕና፣ በሁምቦ በኩል ወደ አርባ ምንጭ፣ ኦሞን ተሻግሮ ወደ ዳውሮ፣ እንዲሁም ወደ ጎፋ የሚወስዱት መንገዶች ከዚህ ይነሣሉ። በነሐሴ ወር 2015 ዓ.ም. የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ተመሥርቶ ሶዶ የፖለቲካና የአስተዳደር መቀመጫው ስትሆን ደግሞ የባለጉዳዩ ምልልስ ተጨመረበት። ዋናውን አስፋልት ለቆ ወደ ሰፈር የሚገባ መኪና የሚጠብቀው ኮብልስቶን፣ ጠጠርና ክረምት የቦረቦረው ቀይ አፈር ነው። የወላይታ ገጠር ሕዝብ ተጠጋግቶ ከሚኖርባቸው የአገራችን ክፍሎች አንዱ ስለሆነ የመንገዱ ዳር ሰው አያጣም። ገበያተኛው፣ ውሃ የቀዳችው ልጅ፣ ከብት የሚነዳው ገበሬና ከትምህርት ቤት የሚመለሱት ሕፃናት የሚሄዱት በዚያው ነው። እንግዲህ እዚህ አገር ከሞዞው የተነቀለ ጎማ ባዶ ሜዳ ላይ አይወድቅም።

አንዳንድ ጓደኞቻችን «ለምሳ ገንዘብ የሚቸግረው ተማሪ ስለ መኪና ሞላ ምን አገባው?» ይሉ ይሆናል። እውነት ነው፤ ከመካከላችን መኪና ያለው ጥቂት ነው። ነገር ግን ለበዓል ወደ ቤታችን የምንሄደው በሚኒባስ ነው፤ እናቶቻችን ገበያ የሚደርሱት በሰው መኪና ነው፤ የቤተሰባችን ዝንጅብልና ቦዬ የሚጫነው በአይሱዙ ነው። ከዚህም በላይ ነገ የመኪና መርማሪ፣ የትራንስፖርት ቢሮ ባልደረባ፣ የመንገድ መሐንዲስ ወይም የድንገተኛ ክፍል ሐኪም የምንሆነው እኛው ነን። ዛሬ አያገባኝም ያለ ሰው ነገ በወንበሩ ተቀምጦ ምን ዓይነት ውሳኔ ሊሰጥ ነው?

በመጀመሪያ መኪናውን ዝቅ ላደረገው ወጣት ፍትሕ እንስጠው። ሐሳቡ ከባዶ የመጣ አይደለም። የእሽቅድምድም መኪና የሚሠሩ ሰዎች መኪናውን ዝቅ፣ ጎማውን ሰፋ የሚያደርጉበት በቂ ምክንያት አላቸው። መኪና ሲታጠፍ እንዳይገለበጥ የሚይዘው በግራና በቀኝ ጎማ መካከል ያለው ስፋት ሲሆን፣ የሚገለብጠው ደግሞ የክብደቱ ማእከል ቁመት ነው። ስፋቱን ለዚህ ቁመት እጥፍ ስናካፍል የምናገኘው ቁጥር የመኪናውን ጽናት ያሳየናል፤ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን መኪናው ለመገልበጥ ያስቸግራል።

ለምሳሌ ያህል የጎማው ስፋት 1.46 ሜትር፣ የክብደቱ ማእከል ቁመት 0.55 ሜትር የሆነ መኪና አለ እንበል። 1.46 ለ1.10 ሲካፈል 1.33 ይሆናል። ይህን መኪና 3 ሳንቲ ሜትር ዝቅ አድርገን በየጎማው 2 ሳንቲ ሜትር ስፔሰር ብናስገባ፣ ስፋቱ 1.50፣ ቁመቱ 0.52 ይሆንና ቁጥሩ ወደ 1.44 ያድጋል። በተቃራኒው ታኮ አግብተን 4 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብናደርገው ቁመቱ 0.59 ይሆንና ቁጥሩ ወደ 1.24 ይወርዳል። እንግዲህ የምንስቅበትንና የምናደንቀውን ትተን ቁጥሩን ብቻ ብናይ፣ ከመገልበጥ አንጻር ዝቅ ያለው ይሻላል፤ ማንም ሳይናገረው የሚያልፈው ከፍ ያለው ቪትዝ ደግሞ ይብሳል። ይህን ሳንናገር ወጣቱን ብቻ ብንወቅስ እውነቱን ሸፈንን ማለት ነው።

ዳሩ ግን መኪና የሚሄደው በሰሌዳ ላይ በተጻፈ ቁጥር አይደለም፤ በመንገድ ላይ ነው። ሞላ የተሠራው ጎማው ጉድጓድ ወይም ጉብታ ሲያገኝ ያንን ጉልበት ተቀብሎ እንዲያበርድ ነው። ሞላ የሚቀበለው ጉልበት በጥንካሬው ብቻ ሳይሆን በሚታጠፍበት ርቀት ካሬም ይለካል። ስለዚህ መኪናው ከቆመበት ቁመት ወደ ታች የሚታጠፍበት ርቀት 8 ሳንቲ ሜትር የነበረው ወደ 4 ቢወርድ፣ ያንኑ ጉድጓድ ያለ ጉዳት ለማለፍ ሞላው 2 እጥፍ ሳይሆን 4 እጥፍ መጠንከር አለበት። እንዲህ ካልጠነከረ መጨረሻው ላይ ካለው ጎሚኒ ጋር ይጋጫል፤ ከዚያ በኋላ ጉልበቱን የሚቀበለው ሻንሲው፣ ሾክ አብዞርበሩና የተሳፋሪው አከርካሪ ነው። 4 እጥፍ ከጠነከረ ደግሞ በኮብልስቶን ላይ ጎማው መሬት መያዙን ትቶ ይዘልላል። ለስላሳ የእሽቅድምድም ሜዳ ላይ ጥቅም የነበረው ነገር በእኛ ሰፈር መንገድ ላይ ዕዳ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ለዝቅታ ተብሎ በፋብሪካ የተሠራ አጭር ሞላ ይህ ሁሉ በመጠኑ ታስቦበት የተሠራ ነው፤ ለመኪናው ክብደት የተመጠነ ጥንካሬ አለው፤ ጫፉም ከመቀመጫው ጋር ይገጥማል። እዚህ ግን ቀላሉ መንገድ ያለውን ሞላ መቁረጥ ነው። ሞላ ሲቆረጥ ሁለት ነገር ይሆናል። አንደኛው፣ ጥንካሬው ከጥቅልሎቹ ቁጥር ጋር በተቃራኒው ስለሚሄድ፣ 6 የሚሠሩ ጥቅልሎች ያሉት ሞላ 1 ሲቀነስለት 20 በመቶ ይጠነክራል። ከላይ እንዳልነው ግን የሚያስፈልገው ጥንካሬ ከዚህ እጅግ ሊበልጥ ይችላል። ሁለተኛው የሚመጣው በእሳት ከተቆረጠ ነው። የሞላ ብረት ጠባዩን ያገኘው በሙቀት ተሠርቶና በመጠን ቀዝቅዞ ነው፤ በጋዝ ሲቆረጥ በቆረጡት አካባቢ ያ ጠባይ ይጠፋና ወይ ይረግባል ወይ ይሰነጠቃል። ከዚህም ሌላ የተቆረጠው ጫፍ በመቀመጫው ላይ በትክክል አያርፍም፤ ጎማው ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ሲንጠለጠል ሞላው ከቦታው ሊናጋ ይችላል። ቁመቱ ሲለወጥ የጎማው አቋምም ስለሚዘም አላይመንት ያላስደረገ ሰው ጎማውን ከውስጥ በኩል በልቶ ይጨርሰዋል። «አሥር ጊዜ ለካ፣ አንድ ጊዜ ቁረጥ» የሚለው አባባላችን ለልብስ ሰፊና ለአናጢ ብቻ የተነገረ አይደለም።

ስፔሰሩም የራሱ ሒሳብ አለው። አንድ ጎማ 300 ኪሎ ግራም ይሸከማል ብንል ኀይሉ 3,000 ኒውተን ያህል ነው። ጎማው በ25 ሚሊ ሜትር ወደ ውጭ ሲወጣ በሞዞውና በኩሽኔታው ላይ 75 ኒውተን ሜትር የሚያጎብጥ ጫና ይጨመራል፤ ጉድጓድ ሲመታ ይህ በእጥፍና ከዚያም በላይ ይበዛል። ፋብሪካው የመረጠው ኩሽኔታ ይህን ተጨማሪ ጫና አልቆጠረውም። መሪውም እንደዚሁ ነው፤ ጎማው ወደ ውጭ በወጣ ቁጥር አንዱ ጎማ ድንጋይ ሲመታ ወይም ፍሬን በአንድ ወገን ሲጠነክር መሪው ከእጅ የሚነጥቅበት ጉልበት ይጨምራል።

ከሁሉ የሚከፋው ግን ብሎኑ ነው። ብዙዎቹ ትናንሽ የቶዮታ መኪናዎች የጎማ ብሎናቸው ውፍረት 12 ሚሊ ሜትር፣ የጥርሱ ርቀት 1.5 ሚሊ ሜትር ነው። ዳዶ ቢያንስ የብሎኑን ውፍረት ያህል መግባት አለበት የሚለውን የታወቀ ደንብ ብንይዝ፣ 12 ሚሊ ሜትር ማለት 8 ሙሉ ዙር ነው። ብሎኑን ሳይለውጥ 5 ሚሊ ሜትር ስፔሰር ያስገባ ሰው ከ3 ዙር በላይ አጥቷል። 20 ሚሊ ሜትር ያስገባማ ዳዶው የሚይዝለት ብሎን አይቀርለትም፤ ወይ ረጅም ብሎን ማስገባት፣ ወይ የራሱ ብሎን ያለውንና ከሞዞው ጋር በዳዶ የሚታሰረውን ዓይነት መግዛት አለበት። እንዲሁም የስፔሰሩ የመሐል ቀዳዳ ሞዞውን በልኩ ማቀፍ ይገባዋል። ለቪትዝና ለብዙዎቹ ባለ 4 ብሎን ኮሮላዎች ይህ ልክ 54.1 ሚሊ ሜትር ነው። ቀዳዳው ሰፍቶ ከተሠራ ጎማውን መሐል የሚያስይዙት ብሎኖቹ ብቻ ይሆናሉ፤ መሪው ይንቀጠቀጣል፤ ብሎኖቹም ሲታጠፉ ሲቃኑ በመጨረሻ ይበጠሳሉ። ይህን ቀዳዳ በልኩ ማውጣት የሚችል ባለሙያ በቶርኖ ቤቶቻችን አለ። የጎደለው ልኩን የሚነግረው ሰው ነው።

አሁን ወደ ሳቅንበት አይሱዙ እንመለስ። ባሌስትራ የሚደርበው ሰው ለጌጥ አይደለም፤ ጭነት ስለበዛበት ነው። ባሌስትራው ሲደረብ መኪናው መጎንበሱን ይተዋል፤ ስለዚህ ባለቤቱ መኪናው የበለጠ መሸከም የቻለ ይመስለዋል። ነገር ግን የጠነከረው ባሌስትራው ብቻ ነው። ፍሬኑ፣ ጎማው፣ ኩሽኔታውና ሻንሲው የነበሩት ናቸው። ሶዶ በ2,000 ሜትር ገደማ፣ አርባ ምንጭ በ1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። ከልክ በላይ የተጫነ እያንዳንዱ 1,000 ኪሎ ግራም ይህን 700 ሜትር ሲወርድ 7 ሚሊዮን ጁል ያህል ጉልበት ይዞ ይወርዳል፤ ይህን ጉልበት ሞተሩና ነፋሱ ካላበረዱት ፍሬኑ በሙቀት መልክ መቀበል አለበት። መጎንበስ ማለት መኪናው «በዛብኝ» ብሎ የሚናገርበት ቋንቋ ነበር፤ ባሌስትራ በመደረብ አንደበቱን ዘጋንበት እንጂ ሸክሙን አላቀለልንለትም። ባዶውን ሲመለስ ደግሞ ኋላው ስለሚደርቅ ይዘልላል፤ ከመሬት የተነሣ ጎማ ደግሞ ፍሬን ቢያዝለትም መኪናውን አያቆምም።

ከፍ ያለው ቪትዝም እንደዚሁ ሳይመረመር ሊታለፍ አይገባም። ጽናቱ መቀነሱን ቀደም ብለን አይተናል። በተጨማሪም ከካምቢዮ ወደ ፊት ጎማ ኀይል የሚያስተላልፉት ዘንጎች ከለመዱት በላይ ተጣመው ይሽከረከራሉ፤ መጋጠሚያቸውም ቶሎ ያልቃል። የፊት መብራቱ ከፍ ብሎ የሚመጣውን ሾፌር ዓይን ይወጋል። ባለቤቱ ይህን ያደረገው መንገዱ ስላስገደደው ነውና አንነቅፈውም፤ 2 ሳንቲ ሜትር ሲበቃው 5 ከማድረጉ በፊት የሚጠይቀው ሰው ግን ማግኘት ነበረበት።

ነገሩ የሕይወት ጉዳይ መሆኑን ለማሳየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ታኅሣሥ 20 ቀን 2017 ዓ.ም. በጎረቤታችን ሲዳማ ክልል፣ በቦና አካባቢ፣ ሠርገኞችን የጫነ አይሱዙ ወንዝ ገብቶ ከ70 የሚበልጡ ሰዎች ሞተዋል። የአደጋው ምክንያት ሞላ ነበር ወይም ባሌስትራ ነበር አንልም። የምንለው፣ በአገራችን የዕቃ መኪና ሰው ይጭናል፤ የአምስት ሰው መኪና ስምንት ሰው ይጭናል፤ ስለዚህ አንድ ባለቤት በመኪናው ላይ የሚያደርገው ለውጥ የእርሱ የግል ጉዳይ ሆኖ አይቀርም ነው። «የገዛ መኪናው ነው፤ ምን አገባችሁ?» ለሚለው መልሳችን ይኸው ነው። መኪናው የእርሱ ነው፤ መንገዱ ግን የሁላችንም ነው።

ይህ ጉዳይ እያደር የሚብስ እንጂ የሚቀንስ እንዳይመስለን። የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ባገለገሉ መኪናዎች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ፤ እጅግ ለቆዩት እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ነበር። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ተነገረ። በነዚህ ውሳኔዎች ጥቅምና ጉዳት ላይ መከራከር የዛሬው ዓላማችን አይደለም። ውጤታቸው ግን ግልጽ ነው፤ አሁን በእጃችን ያሉት ቪትዞችና ኮሮላዎች ለብዙ ዓመታት እየተጠገኑ ይኖራሉ፤ ለብዙ ቤተሰብም ዋናው ሀብት እነርሱ ናቸው። ያረጀ ብረት ደግሞ ለስሕተት ትዕግሥት የለውም። አዲስ የሚገቡት የኤሌክትሪክ መኪናዎችም ከባባዶች ናቸው፤ ባትሪያቸው የተዘረጋው ከወለሉ ሥር ነው። በእነዚህ ላይ ሞላ መቁረጥ ማለት ውዱንና አደገኛውን ክፍል ለድንጋይ ማቅረብ ነው።

ታዲያ መፍትሔው መከልከል ነውን? አይመስለንም። በጀርመን አገር መኪናውን ዝቅ ማድረግ ወይም ስፔሰር ማስገባት ክልክል አይደለም። ነገር ግን ዕቃው ለየትኛው መኪና፣ በምን ልክ እንደተፈቀደ የሚገልጽ ወረቀት አብሮት ይመጣል፤ እንደ ሁኔታውም ቲዩፍን በመሰሉ የምርመራ ድርጅቶች ባለሙያ ታይቶ በመኪናው ሰነድ ላይ ይጻፋል። ወጣቱ ደስታውን አላጣም፤ መንገደኛውም ዋስትናውን አላጣም። በእኛም አገር የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 አለ፤ መኪና ሁሉ በየዓመቱ ተመርምሮ ቦሎ ይለጥፋል። እንግዲህ መሠረቱ ተጥሏል። የሚቀረው፣ መርማሪው የሞላውን ቁመት፣ የተደረበውን ባሌስትራና የገባውን ስፔሰር በሜትር ለክቶ የሚጽፍበት ልማድ እንዲጠነክር ማድረግ ነው። ለምርመራ ቀን ብቻ የሚወልቅ ስፔሰርና በማግሥቱ ተመልሶ የሚገባ ባሌስትራ ማንንም አያድንም።

እዚህ ላይ የእኛ የተማሪዎቹ ነገር ይመጣል። የጋራዡን ቃላት እስቲ ልብ ብለን እንስማ፤ ባሌስትራ፣ ቸርኬ፣ ሞዞ፣ ዳዶ፣ ብሎን፣ ኩሽኔታ፣ ጎሚኒ፣ ካምቢዮ፣ ቶርኖ። ሁሉም ከጣልያንኛ የመጡ ናቸው። ሙያው ከመጽሐፍ ሳይሆን ከእጅ ወደ እጅ፣ ከአለቃ ወደ ረዳት እየተላለፈ እዚህ የደረሰ ለመሆኑ ምስክሮቹ እነዚህ ቃላት ናቸው። እኛ ደግሞ በክፍላችን ይህንኑ ዕቃ በእንግሊዝኛ ስሙ ተምረን፣ ሒሳቡን በወረቀት ሠርተን፣ ፈተናውን አልፈን እንወጣለን። መካኒኩ «ሞዞው ሞቀ» ሲለን የምንማረው ትምህርት ስለዚያው ነገር መሆኑን አናውቅም፤ እኛ «ሀብ» ስንለው እርሱም አያውቅም። በ1999 ዓ.ም. የተቋቋመው የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ አጥርና የከተማው ጋራዥ ሰፈር የሚራራቁት በእግር መንገድ ሳይሆን በዚህ ነው።

ይህ መራራቅ ሁለቱንም ወገን ይጎዳል። ለሃያ ዓመት በዘይት እጁን ያጠቆረው ባለሙያ የትኛው ባሌስትራ በየትኛው መንገድ እንደሚሰበር ያውቃል፤ ለምን እንደሚሰበር የሚያስረዳውን ሒሳብ ግን ማንም አላሳየውም። ተማሪው ለምን እንደሚሰበር በቀመር ይጽፋል፤ የተሰበረ ባሌስትራ ግን በእጁ ይዞ አያውቅም። ከሁለቱ የትኛው መሐይም ነው? ሁለቱም በግማሽ ያውቃሉ፤ በግማሽ ዕውቀት የሚሄደው መኪና ግን ሙሉ ሰው ጭኗል።

ስለዚህ ለኅብረታችን አባሎች የሚከተሉትን ሐሳቦች እናቀርባለን።

አንደኛ፤ የምህንድስና ተማሪዎች አንድ ገጽ የማይሞላ የልክ ወረቀት እንዲያዘጋጁ። ወረቀቱ በአማርኛና በወላይትኛ፣ ጋራዡ በሚጠቀምባቸው ቃላት ይጻፍ። ስፔሰር የሚያስገባ ሰው የመሐል ቀዳዳውን ልክ፣ የብሎኑን ርዝመት፣ ዳዶው ስንት ዙር እንደሚገባ፣ በምን ያህል ኀይል እንደሚታሰርና ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላ እንደገና መጥበቅ እንዳለበት ይንገረው። ለብዙዎቹ ትናንሽ ቶዮታዎች የዳዶው ማሰሪያ ኀይል 103 ኒውተን ሜትር ነው። ይህን አንድ ቁጥር ማወቅ ብቻ በእግር እየተረገጠ ከልክ በላይ ከሚጠብቅና ከልክ በታች ከሚላላ ዳዶ ያድናል።

ሁለተኛ፤ በወር አንድ ቅዳሜ ተማሪዎች ከከተማው መካኒኮችና ከቶርኖ ባለሙያዎች ጋር እንዲገናኙ። በከተማው ያሉት የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ተማሪዎችም አይቀሩ። እነርሱ የተሰበረውን ያምጡ፤ እኛ ሒሳቡን እናምጣ። ልንማር እንጂ ልናስተምር ብቻ የምንሄድ እንዳይመስለን፤ ከዚያ ቅዳሜ ብዙ ይዞ የሚመለሰው ተማሪው እንደሚሆን አንጠራጠርም።

ሦስተኛ፤ ሦስት ነገሮችን ያለ ክርክር እምቢ እንድንል፤ በእሳት የተቆረጠ ሞላን፣ አንዱ በአንዱ ላይ የተደራረበ ስፔሰርንና ፍሬኑ ሳይታሰብለት የተደረበ ባሌስትራን። ለምረቃ ቀን ወይም ለጊፋታ በዓል መኪና ስንከራይና በሠርግ አጀብ ስንሄድ ይህን እንጠይቅ። ሾፌሩን «ጋሼ፣ ይህ ጎማ ምን ገብቶበት ነው እንዲህ የወጣው?» ብሎ በአክብሮት መጠየቅ ነውር አይደለም፤ ጠያቂ የበዛበት ሥራ ይጠነቀቃል።

አራተኛ፤ ከመካከላችን ነገ በምርመራ ጣቢያና በትራንስፖርት ቢሮ የሚቀመጡት፣ ሜትሩን ከጠረጴዛው መሳቢያ አውጥተው በሥራ ላይ እንዲያውሉ ከዛሬ ቃል እንዲገቡ።

እነዚህ ሐሳቦች ብዙ ገንዘብ አይጠይቁም። የሚጠይቁት ኩራታችንን ትንሽ መቀነስ ነው። ዝቅ ያለ መኪና ፎቶግራፍ ከውጭ አገር አይቶ መኮረጅ ሥልጣኔ አይደለም፤ በአይሱዙ ባሌስትራ መሳቅም ዕውቀት አይደለም። የውጭ አገሩ ፎቶግራፍ መኪናውን ያሳየናል እንጂ ለእሱ የተሠራውን ሒሳብ፣ የተሰጠውን ወረቀትና የሚሄድበትን ለስላሳ መንገድ አያሳየንም።

መኪናውን ዝቅ ያደረገው ወጣት ለውበት ያለው ፍቅር፣ ቪትዙን ከፍ ያደረገው አባወራ ያለበት ችግር፣ ባሌስትራ የደረበው ነጋዴ ያለበት የኑሮ ጫና ሁሉም እውነተኛ ናቸው። ሦስቱም ወደ አንድ ጋራዥ ይሄዳሉ፤ ጋራዡም በግምት ይሠራላቸዋል። የሕዝብ ልጅ፣ በሕዝብም ገንዘብ የተማረ ተማሪ ያንን ግምት በልክ መለወጥ ካልቻለ ትምህርቱ ለማን ነው? ካሊፐርና ሜትር በእጃችን አለ፤ ሒሳቡም በደብተራችን ተጽፏል። ጋራዡ ሩቅ አይደለም፤ እንሂድ።